የሚመራውን የሚያውቅ መንገድ መሪ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለ ስልክና ስለ ጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ አመራረጥ የተደረገ ንግግር)



በጥንቱ የአገር ቤት ጉዞ መንገድ መሪ የሚባለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው መንገዱን ሳይሆን መንገደኛውን ነበር። ቀላል ስንቅ የያዘውን እግረኛ በአቋራጩ ቁልቁለት ይወስደዋል። በቅሎዎቹን ጨው የጫነውን ነጋዴ ግን፣ የግማሽ ቀን መንገድ ቢጨምርበትም እንኳ፣ ገደሉ ወዳልጠበበበትና መልካው ወዳልጠለቀበት ዙሪያ ያዞረዋል። አገሩ አንድ ሆኖ ሳለ ምክሩ ሁለት የሚሆነው የሚመራው ስለሚለያይ ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ የያዘው በነጂው ፊት የተሰቀለ ትንሽ መሣሪያ ነው። አገሩን ከማንም መንገድ መሪ አብልጦ ያውቃል። የሚመራውን ማወቁ ግን ገና ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ ነው። ጥያቄውም በይበልጥ ከብዶ የሚታየው፣ በሰሜን አሜሪካ «አር ቪ» እየተባለ በሚጠራው፣ መኝታና ማድቤት፣ መጸዳጃና የውሃ ማጠራቀሚያ ባለው የጉዞ መኪና ላይ ነው። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የበጋውን ውድድር የሚያደርግበት ከተማ ስለሚለዋወጥ፣ ልጆችን አስከትሎ ብዙ ግዛት አቋርጦ መንዳት የተለመደ ሆኗል። ለዚህ ዐይነቱ ጉዞ አር ቪ የሚከራይ ሰው ቁልፉን በተረከበበት ሰዓት በኪሱ ያለው መንገድ መሪ ለቤት መኪናው የለመደው ስልኩ ብቻ ነው። እንግዲህ የዚህ ንግግር ዓላማ በስልክና ለብቻው በተሠራ የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ መካከል ምርጫው በምን ሚዛን መደረግ እንዳለበት ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተሽከርካሪው

ተራ የቤት መኪና ቁመቱ ከ2 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ነጂው በዘመኑ ሁሉ ወደ ላይ ቀና ብሎ መመልከት ሳያስፈልገው ሊኖር ይችላል። ትልቁ አር ቪ ግን በጣሪያው ላይ ካለው የማቀዝቀዣ መሣሪያ ጋር 12 ወይም 13 ጫማ፣ ማለትም ከ3.7 እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወርዱ እስከ 8 ጫማ ከ6 ኢንች ወይም 2.59 ሜትር ነው። ርዝመቱም ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ይህን የሚያህል አካል በአብዛኞቹ ግዛቶች በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። የጭነት መኪና ነጂ ስለ ከፍታና ስለ ክብደት ተምሮና ተፈትኖ መሪ ሲጨብጥ፣ የአር ቪ ተከራይ ግን ያለ ትምህርት ይጨብጣል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ሁኔታ የሚስማማ ነው።

የመንገዱ ሥራ በበኩሉ ለዚህ አካል ሁልጊዜ አይመችም። በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በደርሃም ከተማ፣ በግሬግሰን ጎዳና ላይ የሚያልፈው የባቡር ድልድይ ከመሬት ያለው ከፍታ ለብዙ ዓመታት 11 ጫማ ከ8 ኢንች ወይም 3.56 ሜትር ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ተተክሎበት ሳለ፣ የጭነትና የኪራይ መኪናዎችን ጣሪያ እየገሸለጠ ስሙ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። በ2019 ድልድዩ 8 ኢንች ከፍ ተደርጎ 12 ጫማ ከ4 ኢንች ወይም 3.76 ሜትር ቢሆንም ግጭቱ ፈጽሞ አልቀረም። በደቡብ ዳኮታ፣ በከስተር የግዛት መናፈሻ ውስጥ ያለው «የመርፌ ቀዳዳ» የተባለው የዋሻ መንገድ ወርዱ 8 ጫማ ወይም 2.44 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም ከትልቁ አር ቪ ወርድ ያንሳል። በሞንታና በግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ፣ ተራራውን አቋርጦ በሚያልፈው በታወቀው ጎዳና መካከለኛ ክፍል ላይ፣ ርዝመቱ ከ21 ጫማ ወይም ከ6.4 ሜትር የበለጠ ተሽከርካሪ እንዳያልፍ ተከልክሏል። እነዚህ ሁሉ በማንኛውም ካርታ ላይ ለቤት መኪና ክፍት ሆነው የሚታዩ መንገዶች ናቸው።

ሳተላይቱ የሚናገረውና የማይናገረው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የምርጫው ነገር የሚጣራው የጂ.ፒ.ኤስ. አሠራር በአጭሩ ሲታወቅ ነው። ይህ ሥርዓት በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር በ1973 ታቅዶ፣ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ወደ ሰማይ ተላከ። ሙሉ ሥራውን መጀመሩም በ1995 ታወጀ። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት በአቶሚክ ሰዓት እየተመራ ያለበትን ቦታና የሰዓቱን ልክ ይናገራል። ተቀባዩ መሣሪያም መልእክቱ የወሰደበትን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያሰላል። ለስሌቱ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ቦታውን ለመወሰን፣ አራተኛው ደግሞ የተቀባዩን ርካሽ ሰዓት ስሕተት ለማረም ነው። በመጀመሪያ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር። ይህ በግንቦት ወር 2000 እንዲቀር ስለ ተደረገ፣ ዛሬ ተራ ስልክ እንኳ ሰማዩ በተከፈተበት ስፍራ 5 ሜትር ያህል በሚደርስ ልዩነት ቦታውን ይለያል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ስልኩም ሆነ ለብቻው የተሠራው መሣሪያ የሚያዳምጡት እነዚያኑ ሳተላይቶች መሆኑ ነው። ስልክ ከኔትወርክ ሲወጣ ጂ.ፒ.ኤስ. ይጠፋበታል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም፤ የሚጠፋው በኔትወርክ በኩል ይመጣ የነበረው ካርታ ነው። ሁለተኛው፣ ሳተላይቱ የሚናገረው «የት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሆነውን መልስ ብቻ መሆኑ ነው። ከፊት ያለው ድልድይ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ተሠራ፣ መንገዱ ዛሬ ይታለፍ እንደሆነና እንዳይሆን ሳተላይቱ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው፣ የሚያውቅ ከሆነ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ካርታ ነው። ስለሆነም ምርጫው በመሠረቱ በሁለት ተቀባዮች መካከል ሳይሆን በሁለት ካርታዎች መካከል ነው።

ቀኑን የሚያውቅና አካሉን የሚያውቅ

ጉግል ማፕስ በ2005 ተጀምሮ፣ በ2009 በስልክ ላይ እየተናገረ መንገድ መምራት ቻለ። በእስራኤል የተፈጠረውን ዌዝንም ጉግል በ2013 ገዝቶታል። የእነዚህ ትልቁ ኃይል ቀኑን ማወቃቸው ነው። በመንገድ ላይ የሚሄዱት ብዙ ስልኮች የፍጥነታቸውን ወሬ ሳያቋርጡ ስለሚልኩ፣ መጨናነቁ፣ አደጋውና የመንገዱ መዘጋት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ለተጠቃሚውም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ነገር ግን ሰዎች በብዛት የሚይዟቸው እነዚህ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለቤት መኪና ነው። የተሽከርካሪውን ቁመት፣ ወርድ፣ ክብደትና ርዝመት ለነጂው ሳይጠይቁት ይመሩታል። ጨው የጫነውንም ባዶ እጁን የሚሄደውንም በአንድ አቋራጭ ይነዳሉ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ስልክ በመስታወት ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲመታው ግሎ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ ጥሪም ሲመጣበት ትኩረት ያናጋል። በገጠርና በተራራማ ስፍራ ኔትወርክ ሲጠፋ ካርታው አስቀድሞ ካልተጫነ በቀር ባዶ ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል።

ለብቻው የተሠራው መሣሪያ በበኩሉ አካሉን ያውቃል። በ1989 የተቋቋመው ጋርሚንን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለአር ቪ ብለው የሚሠሯቸው መሣሪያዎች፣ ከመነሣት በፊት የተሽከርካሪውን ቁመት፣ ወርድ፣ ርዝመትና ክብደት፣ እንዲሁም ፕሮፔን ጋዝ መያዝ አለመያዙን ይጠይቃሉ። ከዚህ በኋላ ዝቅተኛውን ድልድይ፣ ክብደት የተገደበበትን መንገድና ጋዝ የተከለከለበትን ዋሻ እየሸሹ ይመራሉ። የአገሩ ሁሉ ካርታ በውስጣቸው ስለ ተቀመጠ ኔትወርክ ቢጠፋም አይደናገጡም። ሰሌዳቸው ሰፊ ስለሆነ ነጂው በአንድ ጨረፍታ ያነበዋል። ጉድለታቸውም አይሸሸግም። ዋጋቸው በመቶ ዶላሮች የሚቆጠር ነው። የዕለቱን የመንገድ ወሬ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ከስልክ ጋር መያያዝ ያስፈልጋቸዋል። ካርታቸው ደግሞ ባለቤቱ ካላደሰው የተገዛበትን ቀን አገር ይዞ ይቀራል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዐይነት እንዳለም መዘንጋት የለበትም። እንደ «አር ቪ ላይፍ» ያሉ፣ በዓመት ክፍያ በስልክ ላይ የሚጫኑ መተግበሪያዎች የተሽከርካሪውን ልክ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ወሰኑ በስልክነትና በመሣሪያነት መካከል የተሰመረ አይደለም፤ የሚመራውን በሚጠይቀውና በማይጠይቀው መካከል የተሰመረ ነው።

የባልቲሞር ትምህርት

ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ አጣምሮ የሚያሳይ ምሳሌ በሜሪላንድ ግዛት፣ በባልቲሞር ከተማ ይገኛል። ቦታው ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ፊላዴልፊያና ወደ ኒው ዮርክ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ለብዙዎች የሚታወቅ ነው።

የባልቲሞርን ወደብ ለመሻገር ሦስት መንገዶች ነበሩ። ሁለቱ ከውሃ በታች የሚያልፉ ዋሻዎች ሲሆኑ፣ አንደኛው በ1957 የተከፈተው የወደቡ ዋሻ፣ ሌላው በ1985 የተከፈተውና የ95 ቁጥር አውራ ጎዳና የሚያልፍበት የፎርት ማክሄንሪ ዋሻ ነው። ሦስተኛው በ1977 የተከፈተው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር። በአንድ ሲሊንደር ከ10 ፓውንድ ወይም ከ4.5 ኪሎ ግራም በላይ ፕሮፔን የያዘ ተሽከርካሪ በሁለቱም ዋሻዎች እንዳያልፍ ደንቡ ይከለክላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በተዘጋ ዋሻ ውስጥ የሚነሣ የጋዝ እሳት ሰው የሚሸሽበት ስፍራ አይኖረውም። በአር ቪ ላይ የሚገኘው የተለመደ ሲሊንደር ደግሞ 20 ወይም 30 ፓውንድ የሚይዝ ነው። ስለዚህ ምድጃውንና ማሞቂያውን በፕሮፔን የሚያሠራ አር ቪ የሚሻገረው በድልድዩ ነበር።

በማርች 26 ቀን 2024 ሌሊት «ዳሊ» የተባለችው የጭነት መርከብ ኃይሏ ተቋርጦ የድልድዩን ምሰሶ መታች፤ ድልድዩም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደቀ። ከመርከቢቱ የተላለፈው የጭንቅ ጥሪ ደርሶ ፖሊሶች መኪናዎችን ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ማቆም በመቻላቸው የብዙ ሰው ሕይወት ተረፈ። ነገር ግን በድልድዩ ላይ ጉድጓድ ሲደፍኑ ያደሩ 6 የመንገድ ሠራተኞች ሞቱ። የመንገድን ሥራ ሙያው ያደረገ ሰው ይህን ያለ ሐዘን አያነበውም።

አሁን ሁለቱ መንገድ መሪዎች በዚህ ስፍራ ይመዘኑ። ተራው የስልክ መተግበሪያ ድልድዩ መውደቁን በዚያው ቀን ዐውቋል። ስለ ፕሮፔኑ ግን አልተጠየቀም፤ አልጠየቀምም። ስለዚህ አር ቪውን አጭር ነው ብሎ ወደ ተከለከለው ዋሻ ይመራዋል። ካርታው ከ2024 በፊት ታድሶ የቀረው ለብቻው የተሠራ መሣሪያ ደግሞ ፕሮፔኑን ዐውቆ ዋሻውን ይሸሻል፤ የሚሸሸውም ወደሌለው ድልድይ ነው። አንዱ ቀኑን ዐውቆ አካሉን ሳተ፤ ሌላው አካሉን ዐውቆ ቀኑን ሳተ። ትክክለኛው ምክር፣ አዲሱ ድልድይ ተሠርቶ እስኪከፈት ድረስ፣ በ695 ቁጥር የቀለበት መንገድ ምዕራባዊ ጎን ከተማውን መዞር ነው። ይህንንም አስተማማኝ አድርጎ የሚናገረው ካርታው የታደሰና ስለ ተሽከርካሪው በትክክል የተነገረው መንገድ መሪ ብቻ ነው።

የካርታው ዕውቀት ከየት ይመጣል?

ለአር ቪ የተሠራው ካርታ የድልድዮችን ከፍታ ስለያዘ ብቻ እንከን የለሽ ነው ማለት አይቻልም። በ1967 በዌስት ቨርጂኒያና በኦሃዮ መካከል የነበረው «ሲልቨር ብሪጅ» ተሰብሮ 46 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በአሜሪካ ድልድዮችን በየጊዜው የመመርመር ሥርዓት ተመሠረተ። ዛሬ የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር የሚይዘው መዝገብ ከ600,000 በላይ ድልድዮችን ይዘረዝራል፤ ከፍታም በውስጡ ይገኛል። ነገር ግን መዝገቡ የተሽከርካሪ መንገድ የተሸከሙ ድልድዮች መዝገብ ነው። ባቡር ብቻ የሚያልፍባቸው ድልድዮች በአብዛኛው በዚያ አይገቡም። በአሮጌ ከተሞች ውስጥ ዝቅ ብለው የሚገኙትም ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው፤ የደርሃሙም የባቡር ድልድይ ነው።

ከዚህም በላይ ከፍታ የሚለዋወጥ ነገር መሆኑን የማኅበሩ አባሎች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። በአሮጌው አስፋልት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር አዲስ ሲነጠፍ፣ ድልድዩ ሳይነቃነቅ ከሥሩ ያለው ክፍተት 5 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል። የረጋ በረዶም እንዲሁ ያደርጋል። በተሽከርካሪውም በኩል በጣሪያ ላይ አንድ አንቴና ሲጨመር ፋብሪካው የጻፈው ቁመት ሐሰት ይሆናል። በዚህ ምክንያት በመሣሪያው የተሰጠው ምክር ከድልድዩ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ሲጋጭ ሊታመን የሚገባው የተለጠፈው ቁጥር ነው።

በምድረ በዳ

ሁለቱም መንገድ መሪዎች በአንድነት የሚሳሳቱበትም ስፍራ አለ። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ወሰን ላይ ያለው «የሞት ሸለቆ» ብሔራዊ ፓርክ በጁላይ 10 ቀን 1913 የ56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የተመዘገበበት ምድረ በዳ ነው። በአብዛኛው ክፍሉ የስልክ ኔትወርክ የለም። በካርታ ላይ ግን የተተዉ የማዕድን መንገዶች ሁሉ እንደ ሕያው መንገድ ተሰምረው ይገኛሉ። በኦገስት 2009 አንዲት እናት ከልጇ ጋር በጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ እየተመራች ወደዚያ ገብታ መኪናዋ በአሸዋ ተያዘ። የፓርኩ ጠባቂ ያገኛት ከአምስት ቀን በኋላ ሲሆን፣ ልጇ በሙቀቱ ሞቶ ነበር። የፓርኩ ጠባቂዎች እንዲህ ላለው አደጋ «በጂ.ፒ.ኤስ. መሞት» የሚል ስም አውጥተውለታል። በዚያ ቀን የጎደለው የመሣሪያው ዐይነት አልነበረም። የወረቀት ካርታ፣ የሚበቃ ውሃ፣ እንዲሁም «ይህ መንገድ አሁን ይሄዳል ወይ?» ብሎ የፓርኩን ሠራተኛ መጠየቅ ነበር።

የምርጫው ሚዛን

ከላይ ከተገለጸው የሚከተለው ማጠቃለያ ይገኛል።

1ኛ/ ቁመቱ ከቤት መኪና ብዙም በማይበልጥ አነስተኛ የጉዞ መኪና፣ በታወቁ አውራ ጎዳናዎች ላይ ለሚጓዝ ሰው፣ ካርታው አስቀድሞ የተጫነበት ስልክ ይበቃል።

2ኛ/ ትልቅ አር ቪ ወይም ተጎታች ያለው፣ በዓመት ብዙ ቀን በመንገድ ላይ የሚያሳልፍና ወደ ገጠር የሚገባ ሰው ለአር ቪ የተሠራውን መሣሪያ ዋና መሪ ማድረግ ይገባዋል። ስልኩ ደግሞ የዕለቱን የመንገድ ወሬ የሚያመጣ ረዳት ይሁን። ሁለቱ ሲለያዩ መኪናውን ዳር አቁሞ ምክንያቱን መመርመር ያስፈልጋል እንጂ፣ አጭሩን መንገድ የነገረውን መከተል አይገባም።

3ኛ/ ለአንድ ሳምንት የሚከራይ ሰው መሣሪያ መግዛት ቢከብደው፣ የተሽከርካሪውን ልክ የሚጠይቅ የስልክ መተግበሪያ ይጠቀም። የኪራይ ውሉንም ያንብብ፤ በጣሪያ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ከዋስትና ውጭ የሚያደርጉ ውሎች አሉና።

4ኛ/ የትኛውም መሣሪያ ቢመረጥ፣ ካርታው ከጉዞው ሳምንት በፊት ይታደስ፤ የየቀኑ መንገድም በማለዳ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ይጠና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ቃል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

5ኛ/ የተሽከርካሪው ቁመት እስከ ጣሪያው ከፍተኛ ነጥብ ድረስ በሜትር ገመድ ይለካ። ቁጥሩም በጫማና በሜትር ተጽፎ በነጂው ፊት ይለጠፍ። ወደ ካናዳ የተሻገረ ሰው በድልድዮች ላይ የሚያነበው በሜትር ስለሆነ፣ ጫማውን ብቻ በቃሉ የያዘ ነጂ በዚያች ቅጽበት ስሌት ውስጥ ይገባል፤ ድልድዩ ግን ስሌቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው አምስተኛው ነው። የትኛውም መንገድ መሪ የሚመራውን የሚያውቀው ነጂው በነገረው ልክ ነው። ቁመቱን በግምት የነገረ ሰው ብዙ ገንዘብ የከፈለበትን መሣሪያ ራሱ አሳውሮታል። ቁመቱን በትክክል ለክቶ የሚያውቅ ሰው ግን፣ መሣሪያዎቹ ሁሉ ቢጠፉበት እንኳ፣ ከድልድዩ በፊት ያለውን ምልክት አንብቦ ይቆማል። የጥንቱ መንገድ መሪ ጭነቱን በዐይኑ አይቶ ይመዝን ነበር። የዛሬው መሣሪያ ዐይን የለውም፤ የሚያየው በነጂው ዐይን ነው። በኋላ ወንበር ላይ ልጆቹን አስተኝቶ ሌሊት የሚነዳ አባት ወይም እናት ኃላፊነቱን ከመሣሪያው ጋር ሊካፈል አይችልም። መሣሪያው ምክር ይሰጣል፤ በመንገዱ ለሚሆነው ነገር የሚጠየቀው ግን መሪውን የጨበጠው ሰው ነው።

መንገዱ የሰመረ ይሁን።